ስም የማይጻፍበት ወረቀት

ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ደብዳቤ ላይ «የሥራ መደብ፦ ጽዳትና ተላላኪ። የትምህርት ደረጃ፦ ማይም» ይላል። ጽዳቱ እውነት ነው። ተላላኪነቱም እውነት ነው፤ እግሬን ያየ ያውቀዋል። ሦስተኛው ግን ውሸት ነው። እኔ ሶሾሎጂ ተምሬያለሁ። ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ዲፕሎማ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንዱ ቡድን ሲመረቅ ከሚቀጥለው ጋር እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመርኩ። ጋዋን አልለበስኩም እንጂ። ጋዋን ያልለበሰ አልተማረም የሚል ካለ ይምጣና ጉለሌ ውስጥ የማያውቀውን አንድ ቤት አንኳኩቶ፣ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ የሰውን ኑሮ ጠይቆ፣ ተመርቆ ይውጣ። ከዚያ እንነጋገራለን።

ልጄ «አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ መስመርም ይስታል፤ ግን የራሴ ነው። በዚህ ፊደል ያጠፋሁትን በዚሁ ፊደል ነው የምናገረው።

ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ግንድ በሚያወርድ ማኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲል አንድ የሰፈራችን ሰው ኮሌጁ ውስጥ ተላላኪ አድርጎ አስቀጠረኝ። ስለ ደመወዙ ብዙ አላወራም፤ ለዱቄት ይበቃል፣ ለጫማ አይበቃም። ተላላኪ ደግሞ የሚጨርሰው ጫማ ነው።

ፊደል የቆጠርኩትም በዚያው ሰሞን ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከልጅ ልጅ ካላቸው ሰዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ከዊንጌት የምትመጣ ተማሪ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ እጄን በእጇ ይዛ «ሀ»ን አስጻፈችኝ። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። የምስክር ወረቀቱን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ራሱ በጭብጨባ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። የመድኃኒት ቤት ታፔላ አነባለሁ፣ የሲሚንቶ ከረጢት አነባለሁ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ዘርግቼ አነባለሁ። እርሳስ ካገኘሁ ደግሞ እጄ አያርፍም። ሰው በአርባ ዓመቱ ዓይኑ ቢበራለት የሚሆነውን ነው የሆንኩት።

የሶሾሎጂ ክፍል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከግቢው ጥግ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ዝናብ ሲመጣ መምህሩ ዝም ይላሉ፤ ሰሌዳ ላይ ብቻ ይጽፋሉ። መምህሩ መምህር ምትኩ ናቸው። በዕድሜ ያንሱኛል፤ እኔ ግን አንቱ ማለቴን እስከ ዛሬ አልተውኩም። ቀጭን፣ ሰው ሲያናግሩ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ፣ ጥርሳቸው የማይረባ። እሳቸውም እኔን፣ ጠራጊውን፣ «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ተቆጣሁ።

«መምህር፣ አንተ ይበሉኝ። በድሃ አይቀለድም።»

«አቶ በላቸው፣ ገና መቼ ተዋወቅን? የማላውቀውን ሰው እንዴት አንተ እላለሁ?»

እኔ መልስ ማጣት አልወድም። ስለዚህ ሰሌዳ ስጠርግ ቀስ እያልኩ፣ አመድ ስደፋ በር ላይ እየቆምኩ፣ እኚህ ሰው የሚያስተምሩት ምንድን ነው ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ሶሾሎጂ ያልኩት ነገር ለካ የሰው አኗኗር ነው። ማን ከማን ጋር ይበላል፣ ማን ማንን ያገባል፣ ድሃ ለምን ድሃ ይሆናል። ይሄን እንኳ ለእኔ!

የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሰፈር ወርደው፣ ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ወረቀት መጻፍ አለባቸው፤ ያለዚያ ዲፕሎማ የለም። የተመረጠው የእኛ ሰፈር ሆነ፤ ከቁስቋም ማርያም በታች ያለው ተዳፋት፣ ሸማኔና ፈታይ የሚበዛበት። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ወረቀታቸውን ባዶ ይዘው፣ አንዱም ሱሪውን በውሻ አስቀድዶ ተመለሱ።

«ጋሽ በላቸው፣ የሰፈርዎ ሰዎች ዲዳ ናቸው እንዴ?» አለኝ ሱሪው የተቀደደው።

«እነሱ ዲዳ አይደሉም። እናንተ ናችሁ ደንቆሮዎቹ።»

ለካ አንዷን ሴትዮ ገና ከበሩ «የቤተሰቡ ኃላፊ ማነው?» ብሏት፣ «ቤቱ ሲያፈስ እኔ፣ ጠላው ሲደርስ እሱ» ብላ በሩን ዘግታበታለች። መምህር ምትኩ ይሄን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አቶ በላቸው፣ እስቲ ያስተምሩን» አሉ። ከሳቸው አፍ ይሄ ቃል ሲወጣ ሃያ ምናምን ተማሪ እያየኝ ነበር። መጥረጊያዬን አስቀመጥኩ።

ያስተማርኳቸውን ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር እስክሪብቶ ይዞ የሚገባ ሰው ወይ ዕቃ ሊወርስ ነው ወይ ሰው ሊወስድ ነው፤ ስለዚህ ባዶ እጅ ይገባል። አጥሩ ጋ ትስላለህ፤ አንኳኩተህ አትጣራም። ግቡ ስትባል በርጩማ ቢሰጡህ ከባለቤቷ ዝቅ ያለውን መርጠህ ትቀመጣለህ። ቆሎ ቢያቀርቡ ትበላለህ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅ አይቆጠርም። «ስንት ልጅ አለሽ?» ያልካት እናት ወይ ትዋሻለች ወይ ታማትባለች። ልጅ ሲቆጠር ይጎድላል ይባላል። ታዲያ እንዴት ይታወቃል? «ቤቱ ይበቃችኋል ወይ? ማን የት ይተኛል?» ብለህ ትጠይቃለህ። በቃ። ስለ ቤት ጥበት ማውራት የማትወድ ሴት ጉለሌ ውስጥ አልተፈጠረችም። መደቡ ላይ እነ እገሌ፣ ከምድጃው አጠገብ እነ እገሌ፣ ቆጡ ላይ እገሌ እያለች ራሷ ትነግርሃለች። አንተ በልብህ ትቆጥራለህ።

መምህር ምትኩ በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት። እርሳሳቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ነበር የሚደብቁት። ከቤት ወጥተን፣ ኩርባውን ታጥፈን፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ነው ጎንበስ ብለው የሚያወጡት። ወንድ ጭረት ነው፣ ሴት ክብ ናት። ስም የለም። የቤቱም ቁጥር የቀበሌው ቁጥር አይደለም፤ እሳቸው የሰጡት ነው፣ ከአንድ እስከ አርባ። የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ የተጻፈው ኮታቸው ውስጥ በምትቀመጥ አንዲት ሰማያዊ ደብተር ላይ ብቻ ነው። «ስም የሰውየው ነው። እኛ የመጣነው ኑሮውን ልንጠይቅ ነው» ይላሉ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተማሪውን «ምን ጠየቅህ?» ብለው አያውቁም። «ምን ሳትጠይቅ ወጣህ?» ነው የሚሉት። ልጆቹ ወረቀታቸው ላይ «ኋላ ቀር» ብለው ከጻፉ ደግሞ በቀይ ይሰርዙና «ከማን ኋላ?» ብለው ከጎኑ ይጽፋሉ። ቆሎ ይወዳሉ፣ ጥርስ የላቸውም፤ ግማሹን ኪሳቸው ይከቱታል። ኮታቸውን ያጠበች ሴት ብዙ ቆሎ አግኝታለች።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ተማሪ ይመጣል፣ ተማሪ ይመረቃል። እኔ ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት ሰፈር አስገባለሁ። ሰዎቹ የሚያወሩት መምህሩን አምነው መስሏችሁ እንዳይሆን። እኔን አምነው ነው። በልቅሶ የማውቃቸው፣ በእድር የማውቃቸው ናቸው።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። አፈሳው ሲጀመር ሰፈሩ ውስጥ ጎረምሳ የሚባል ነገር ከመንገድ ጠፋ። ቀበሌው ኮታ አለበት፤ ኮታውን ካልሞላ ሊቀመንበሩ ራሱ ከበላይ ይጠየቃል። ማን የት ይተኛል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ከበደ። አንዳንዷ ቆጡን ሳታነሳ ታልፈው ነበር። እኛም አንጎረጉርም፤ ያልተነገረንን አንጽፍም።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ የምናገረው።

የአንዱ ቡድን ሥራ ሊያልቅ ሦስት ቤት ሲቀር መምህር ምትኩ ታመሙ። ሆዳቸው ነው፤ ጳውሎስ ተኙ። ልጠይቃቸው ብሄድ ከአልጋው ላይ ሆነው «ሦስቱን ቤት ከልጆቹ ጋር ይጨርሱልኝ» አሉ። በማግስቱ ልጆቹን ይዤ ልወጣ ስል የውይይት ክበብ አለ ተብለው አንድም ሳይቀር አዳራሽ ተጠሩ። ጠብቃቸው አልተባልኩም። ነገ ይደርሳል አላልኩም። እኔ አቃተኝ ልል ነው? ወረቀቱንና እርሳሱን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። እርሳሱን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ!

ሁለቱን ቤት ጨርሼ ሦስተኛው እትዬ ዘነበች ቤት ገባሁ። እትዬ ዘነበች ባሏ ሸማኔ ነበር፣ ሞቷል። ከሞተ በኋላ እሷ ጥጥ እየፈተለች አንዲት ሴት ልጇንና አንድ ወንድ ልጇን ታሳድጋለች። ወንዱ ታምሩ ነው። ከወራት በፊት ጎጃም ዘመድ ጋ ሄደ ተብሎ ነበር፤ ሁላችንም ያመንን መስለናል።

«አንተ በላቸው፣ ዛሬ ደግሞ ብቻህን? መምህር ሆንክልን?»

«መምህሩ አሟቸው ነው እትዬ። ቤቱ ይበቃችኋል ወይ?»

«የት ይበቃናል! መደቡ ላይ እኔና ልጅቷ ነን። እሷ ትራገጣለች፣ እኔ ግድግዳውን አቅፌ አድራለሁ።»

«ቆጡ ላይስ?» ማለት አልነበረብኝም። አልኩ።

እንዝርቷን አቆመች። ወደ ላይ አየች። «ቆጡ ላይ ድመት ነው የሚተኛው» አለች። ከዚያ ሳቀች። «ድመቱ ጢም አውጥቷል፣ በላቸው። ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ አላየም።»

ከላይ እንጨቱ ሲጢጥ አለ። እኔም ሳቅኩ።

«ወረቀትህ ላይ ምን ልትል ነው?»

«አንድ ጭረት ነው እትዬ። ስም የለበትም።»

«ድመት ብለህ ጻፍ።»

«አንድ ጭረት። ቁስቋምን!»

ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ፤ ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። በመደቡ መስመር ክብ፣ ክብ፤ በቆጡ መስመር ጭረት። ሥራው እዚያ ላይ አልቋል። ግን ከጭረቱ ጎን ባዶ ቦታ አለ። ነጭ፣ ሰፊ። እርሳሱ ደግሞ ገና የተቀረጸ ነው። የሚያየኝ የለም። ተማሪዎቹ ጭረት የሚያሰምሩት መጻፍ ሰልችቷቸው ነው፤ እኔ ግን መጻፍ እችላለሁ፣ መምህሩ ከሆስፒታል ሲወጡ በላቸው እንዴት አሳምሮ ጻፈው ይበሉ አልኩ። «ታ» ጻፍኩ። «ም» ጻፍኩ። «ሩ»ን እግሯን አሳምሬ ጻፍኩ። የሌሎቹን የሁለቱንም ቤት ሰዎች ስም ሞላሁ። ምራቄን በጣቴ አድርጌ የተሳሳትኩትን እያጠፋሁ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ እያየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ አምሮልኝ የጻፍኩት ነገር የለም።

ወረቀቱን ቢሮ አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን የክፍሉ ኃላፊ፣ መጽሐፉን ሳይሆን ስብሰባውን የሚወድ ሰው፣ አንድ የታሸገ ትልቅ ፖስታ ሰጥቶ ቀበሌ ላከኝ። ተላላኪ ፖስታ አይከፍትም። አድርሼ፣ በደብዳቤ መዝገቡ ላይ አስፈርሜ ተመለስኩ። ውስጡ የአርባው ቤት ወረቀት ነበር። ቀበሌው ለመረጃ ጠይቆ ኃላፊው ሰጥቷል። ሠላሳ ሰባቱ ቤት ጭረትና ክብ ነው፤ ሦስቱ ቤት በእኔ ፊደል ስም አለው። በሁለቱ ቤት ለውትድርና የሚሆን ወንድ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘነበች ቤት ገብተው፣ መደቡንም ጓዳውንም ሳያዩ በቀጥታ ቆጡ ላይ ወጡ። «ታምሩ፣ ውረድ» አሉት በስሙ።

ሰኞ ኮሌጁ በር ላይ መጣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ድመት ብለህ ጻፍ አላልኩህም?»

«እትዬ...»

«ሊቀመንበሩ አሳየኝ። ማንበብ አልችልም፤ ግን የማን ጽሑፍ ነው ብለው፣ የናንተው የበላቸው ነው አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

ለምን? ፊደሉ አማረኝ እላታለሁ? አልኳት። ምን አደርጋለሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አየችኝና ሄደች። በቃ፣ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመች።

መምህር ምትኩ ሳይሻላቸው ከጳውሎስ ወጡ። ገና በሩ ላይ ነገርኳቸው። «እንሂድ» አሉ። እትዬ ዘነበች አጥር ላይ ሳልን። አልከፈተችም። በሽተኛው ሰውዬ ከአጥሩ ውጪ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ቆየን። አልከፈተችም። ስንመለስ እንዲህ አሉኝ፦

«ጥፋቱ የርስዎ ብቻ አይደለም። ስም እንዳይጻፍ አልኩ እንጂ ለምን እንደማይጻፍ አንድ ቀን አልነገርኩዎትም። እንደ ሕፃን ልጅ አትንካ ብቻ ነው ያልኩዎት።»

«አልቀበልም» አልኳቸው። «እጁ የእኔ ነው። ጥፋቴን አይካፈሉኝ።»

«እሺ» አሉ። «ግን ምክንያቱን እኔ ነኝ የያዝኩት። እሱን ይተዉልኝ።»

በዚያው ቀን ቤታቸው ገብተው ሰማያዊዋን ደብተር ቅጠል በቅጠል ቀደው ሻይ የሚያፈሉበት ከሰል ላይ ጨመሯት። ጥሩ አደረጉ፤ ምክንያቱም በማግስቱ ሊቀመንበሩ ልኮ አስጠራቸው፣ ደብተሩን አምጡ አለ። ተቃጥሏል አሉት። እሳቸው ቁጥሩን ያለ ደብተሯ አያስታውሱትም፣ ተማሪዎቹም የየራሳቸውን ቤት ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ታዲያ አርባውንም ቤት የሚያውቅ ጭንቅላት አንድ ብቻ ቀረ። እኔን ወሰዱኝ።

ቀበሌው አዳራሽ፣ ፊደል የቆጠርኩበት፣ ከጀርባው አንዲት ክፍል አለችው። አስራ አንድ ቀን ቆየሁባት። ሊቀመንበሩ በየቀኑ ይመጣል። መጀመሪያ በፈገግታ ነበር።

«ይሄ ጭረት ጭረት የምትሉት ጥንቆላ ነው ወይስ ትምህርት?»

«ሶሾሎጂ ነው።»

«ሃያ ሦስት ቁጥር የማን ቤት ነው? ሁለት ጭረት አለው።»

«ረሳሁ።»

ውሸቴን ነው። አርባውንም ቤት እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የማውቃቸው። ሃያ ሦስት ቁጥር ከቧንቧው በላይ ያለው ነው፤ ሁለት መንታ ጎረምሶች አሉ። ዛሬ ሁለቱም አያት ሆነዋል።

«ስማ በላቸው» አለኝ በአምስተኛው ቀን። «ፊደል ያስቆጠረህ አብዮቱ ነው። አብዮቱ ጻፍ ሲልህ ትጽፋለህ።»

«ፊደል ያስቆጠረችኝ የዊንጌት ተማሪ ናት። እሷ ትምጣና ጻፍ ትበለኝ።»

ያን ቀን ምሳ አልሰጡኝም። በስምንተኛው ቀን ደግሞ ለስላሳ ሆኖ መጣ፤ የቀበሌ ጸሐፊ አደርግሃለሁ አለ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ማኅተም። አልዋሽም፤ ጸሐፊ የምትለው ቃል ልቤ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እኔ፣ ግንድ ተሸካሚው፣ ጸሐፊ! እስኪመሽ አሰብኳት። ከዚያ ያ ቅዳሜ ጠዋት «ታምሩ፣ ውረድ» ያሉት ከየት አንብበው እንደሆነ ትዝ አለኝ። ጸሐፊስ ሆኜ አይቼዋለሁ አልኩ።

በአስራ አንደኛው ቀን «እሺ፣ እጽፋለሁ» አልኩት። ደስ አለው። ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ፣ ሻይ በዳቦ አስመጣ፣ አንድ ዘብ አጠገቤ አቆመ። «በየጭረቱ ጎን ስም» አለ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጻፍኩ። ጣቴ አበጠ። አልቸኮልኩም፤ እያንዳንዱን ፊደል እግሩን አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ስጨርስ ሊቀመንበሩ መነጽሩን አድርጎ የመጀመሪያዋን ወረቀት አነሳ።

«ቤት ቁጥር አንድ» አለ ጮክ ብሎ። «በላቸው። በላቸው። በላቸው።» ቀና አለ። «ይሄ ክብ ሴት ናት አላልክም?»

«ናት።»

«ሴቷም በላቸው?»

«እሷም በላቸው።»

ሁለተኛዋን አነሳ። ሦስተኛዋን። ሠላሳ ሰባት ቤት ሙሉ በላቸው ነው። ሕፃኑም በላቸው፣ ባልቴቷም በላቸው። ዘቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ትቀልድብኛለህ?»

«አልቀልድም። ኮታ የጎደለህ ከሆነ ያው፣ ስሙ ተጽፎልሃል። ውሰደው።»

በጥፊ ሲለኝ ከወንበሩ ወደቅኩ። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም። ግን እሱም ችግር ላይ ነበር፤ ዝርዝሩን አመጣለሁ ብሎ ለበላይ ቃል ገብቷል። በላቸው ቀለደብኝ ብሎ ሊጽፍ ነው? ስለዚህ «ከገዛ ስሙ በቀር ምንም መጻፍ የማይችል ማይም ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈና ፈታኝ። ግልባጩ ለኮሌጁ ተላከ። ፋይሌ ውስጥ ገባ፤ እስከ ጡረታዬም አልወጣ። እኔም እንዲያወጡት አልጠየቅኩም። ከእነዚያ ቤቶች በእኔ እጅ ሌላ ልጅ አልተወሰደም። ለዚህ ማይም ቢሉኝ ይበሉኝ።

መምህር ምትኩን «አይተባበሩም» ብለው ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር አዛወሯቸው። ከመሄዳቸው በፊት መጡና «አቶ በላቸው፣ አሁን አንተ ልልዎት?» አሉኝ። «አሁን ይችላሉ» አልኳቸው። አንተ ያሉኝ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ አውቶቡሱ ወሰዳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ኃላፊውም ተነሳ፤ ሌላ መጣ። አዲሱ መምህር ደግሞ ተማሪዎቹን ሰፈር የሚያስገባለት ሰው ፈለገ። «አላደርገውም» አልኩት። ለመነኝ። እንግዲያው በእኔ ደንብ ነው አልኩ፤ ማንም ተማሪ አንድም ቤት ሳይገባ መጀመሪያ እኔ የማቆመው ቦታ ይቆማል። ተስማማ።

የማቆማቸው ቦታ እትዬ ዘነበች አጥር ነው። እዚያ አቁሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ከውስጥ እንድትሰማኝ አድርጌ፣ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ። «እዚህ ቤት አንድ ልጅ ነበር። እናቱ አመነችኝ። እኔ ስሙን ጻፍኩ። ስም የማይጻፈው ለዚህ ነው።» የመጀመሪያው ዓመት የዕቃ እጣቢ በአጥሩ ላይ ደፋችብን። ልጆቹ ሸሹ፤ እኔ ቆሜ ጨረስኩ። «ጋሽ በላቸው፣ ለምን ሴትዮዋን ያስቀይሟታል?» አሉኝ። ከእሷ ደብቄ ብናገረው ወሬ ነው የሚሆነው፤ እሷ እየሰማች ነው እንጂ ትምህርት የሚሆነው። በየዓመቱ ቆምኩ። አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰችም።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ በእግሩ፣ በባዶ እግሩ፣ እየለመነ ወደየቤቱ ገባ። እትዬ ዘነበች ስንት ሳምንት አስፋልቱ ዳር ቆመች። ከዚያ አንድ አብሮት የነበረ ልጅ መጥቶ ነገራት፤ ድንኳን ተተከለ። ሄድኩ። ከዳር ተቀመጥኩ። ማንም ሂድ አላለኝም፣ ማንም ና አላለኝም።

በዚያ ዓመት ተማሪዎች ሲመጡ ልቆም አልደፈርኩም ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ግን እግሬ እዚያው ወሰደኝ። አጥሩ ጋ አቆምኳቸውና ጀመርኩ። «እዚህ ቤት አንድ ልጅ ነበር...»

«አንድ ልጅ፣ አንድ ልጅ ትላለህ!» አለ ድምፅ ከውስጥ። እሷ ናት። ከዚያ ሰኞ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ስም የለውም እንዴ?»

ወደ አጥሩ ዞርኩ።

«ስሙን ጥራው እንጂ!»

«ታምሩ» አልኩ።

ከፊት የቆመች አንዲት ልጅ እጇን ወደ ደብተሯ ሰደደች፤ እርሳሷን አወጣች። «መልሺ!» ብዬ ጮህኩባት። «ምን ነበር ያልኩት? እዚህ ሰፈር ስም አይጻፍም!»

የአጥሩ በር ተከፈተ። እትዬ ዘነበች በሩን ይዛ ቆመች፤ ሸብታለች። እኔን አላየችም፤ ልጅቷን ነው ያየችው።

«ተዋት፣ ትጻፈው» አለች። «ከእንግዲህ ማንን ሊወስዱ ነው?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«ጻፊ» አልኳት።